የመዶሻዬ ዛቢያ

ጎንደር፣ መጋቢት ፲፱፻፵፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? የወገራ ብርድ ጉልበትሽን ዘንድሮ ማረልሽ ወይስ እንዳምናው በምርኩዝ አስሄደሽ? ላሚቱስ ወለደች? ጾሙን በልክ ጹሚ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከመነኮሳት ጋር እሽቅድምድም እንደምትይዢ አውቃለሁ። የእኔን ነገር ከጠየቅሽ፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ የለም። ክንዴ እንደ ወይፈን አንገት ወፍሯል። እንቅልፌም የደከመ ሰው እንቅልፍ ነው፤ ጋደም ካልሁ ጎረቤት ካልቀሰቀሰኝ አልነቃም።

ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡልሽ ሰውም እጅ ነስቻለሁ። ስማቸውን ጠርቼ ላነጋግራቸው አልደፍርም፤ ከእኔ ጋር ቃል ላለመለዋወጥ የማሉ ሰው ናቸውና መሐላቸውን አላስፈርስም። አባቴ መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ የዜማ ትምህርቴን ትቼ መዶሻ መያዜን የሰሙ ዕለት፣ ከእንግዲህ ከዚህ ልጅ ጋር አንድ ቃል አልለዋወጥም ብለው በታቦቱ ማሉ። መምሬ የማሉትን እንደማያፈርሱ አገር ያውቃል። ነገር ግን በቤታችን ከእሳቸው በቀር ፊደል የቆጠረ የለም፤ አንቺም የቤትሽን ነገር ለጎረቤት ዲያቆን አታስነብቢም። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ የደረሰሽ ጊዜ፣ መምሬ፣ አንቱ የማሉት ከልጁ ጋር ላለመነጋገር ነው እንጂ ለእኔ ላለማንበብ አይደለም ብለሽ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ እንዳኖርሽ፣ ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው የጭነት መኪና ሹፌር ዳኛው ነግሮኛል። ይህን ሲነግረኝ ከሳቄ ብዛት ጉጠቱን ከነትኩስ ብረቱ ጣልሁትና እግሬን ለጥቂት ሳትሁ።

እስቲ አስቢው እናቴ። ስሜን አልጠራም ያሉ አባት በገዛ አፋቸው «እኔ ብረት ቀጥቃጭ ነኝ» እያሉ ያነባሉ። ክንዴ ወፈረ፣ ናፈቅሽኝ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው እያሉ ይጠይቁሻል። በሠላሳ ዓመት ትዳራችሁ ናፈቅሽኝ ብለውሽ ያውቃሉ? እኔ ባልጽፍ ኖሮ ይህን ከመምሬ አፍ ሳትሰሚ ትሞቺ ነበር።

ዳኛው ግን ሌላም ነገር ነገረኝ። ባለፈው ደብዳቤዬ ንባቡ መሀል ላይ ደርሶ ቆመና፣ ከዚህ በታች ቀለም ፈሶበታል፣ አይነበብም ተብሎ ወደ ስንብቱ ተዘለለ አሉ። በቃል የላክሽልኝ መልስም ስለ ላሚቱና ስለ ጉልበትሽ ብቻ ነበር፤ ከጠየቅሁሽ ነገር አንዱም አልተመለሰም። እናቴ፣ እኔ ቀለም አላፈሰስሁም። አባቴ ናቸው ቀለም ሲያስጠብቁ ያሳደጉኝ፤ አንድ ጠብታ ብራና ላይ ብጥል ምን እንደሚያደርጉኝ አንቺም ታስታውሻለሽ። ለዚህ ነው ይህንን በእርሳስ የምጽፍልሽ። እርሳስ አይፈስም። ዝናብ መታው የሚሉሽ ከሆነም፣ በመጋቢት የምን ዝናብ ብለሽ ጠይቂልኝ።

አሁን ያልተነበበልሽን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ላገባ ነው። ልጅቱ ሐረገወይን ትባላለች፤ ሥራውን ያስተማሩኝ የአያ ቢያዝን ልጅ ናት። አዎን፣ የባለ እጅ ልጅ ናት። እዚህ ላይ አንባቢው ጉሮሯቸውን ቢጠራርጉ ውሃ ስጪያቸውና ይቀጥሉ በያቸው።

ሐረገወይን የአባቷን ወናፍ የምትነፋው እሷ ናት። ብረቱ መቼ ለመዶሻ እንደ ደረሰ ከእሳቱ ቀለም ታውቃለች፤ እኔ ገና አፌን ስከፍት እሷ አውጣው ብላኛለች። ሥራ ላይ ሳለሁ ሳላስበው ዜማ ያመልጠኛል፤ ያን ጊዜ የቄስ ልጅ፣ ብረት በጸሎት አይለዝብም፣ ከሰል ጨምር ትለኛለች። ምላሷ ስል ነው፣ አልደብቅሽም። ከአንቺ ጋር ወይ የመጀመሪያውን ቀን ትጣላላችሁ ወይ ዕድሜ ልካችሁን አትለያዩም። እኔን ብትጠይቂኝ ሁለተኛው ነው፤ እንዲያውም ተባብራችሁ እኔን መድረሻ ታሳጡኛላችሁ ብዬ እፈራለሁ።

ቡዳ ናቸው የሚለውን ወሬ ማንም እንዳያነሣብኝ። ከቤታቸው ስበላና ስጠጣ ይኸው ከረምሁ፤ የተበላ ሰው እንዲህ ይወፍራል? ዓይናቸው ሰው የሚበላ ቢሆን ኖሮ፣ መጀመሪያ የሚበሉት ማረሻውን አሠርቶ ሲያበቃ እህሉን በእጃቸው እንዳያቀብል መሬት ላይ አስቀምጦላቸው የሚሄደውን ገበሬ ነበር። እሱ ግን በየዓመቱ ከነጤናው ይመለሳል። እኔ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አያ ቢያዝን ጎንበስ ብለው እህላቸውን ሲያነሡ ሳይ የማፍረው እኔ ነኝ።

ልጅቱን የጠየቅሁ ዕለት አያ ቢያዝን የያዙት ብረት እስኪቀዘቅዝ ድረስ መቱት፤ ከዚያ መዶሻቸውን ብረት በሚቀጠቀጥበት መስፍ ላይ አጋደሙና ሽማግሌ እንዳትልክብኝ አሉኝ። የሽማግሌ ምላስ ማር ነው፤ ነገር ግን ልጄ ወልዳ ከተቀመጠች በኋላ አንድ ቀን የቀጥቃጭ ልጅ ተብላ ጓዟን አዝላ ብትመጣብኝ እነዚያን ሽማግሌዎች ከየት አመጣቸዋለሁ አሉ። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው፤ መዶሻህን ራስህ መርጠህ ራስህ ሥራው፣ ዛቢያው ግን ከአባትህ እጅ ይምጣ። በእኛ ዘር ልጅ የራሱን መዶሻ ሲይዝ እጀታ የሚሆነውን እንጨት የሚሰጠው አባቱ ነው፤ ለእኔም አባቴ ሰጥቶኛል። ለመዶሻ ዛቢያ የሰጠ ሰው መዶሻውን አይንቅም። መዶሻውን ያልናቀ ደግሞ ልጄን አይንቅም አሉኝ። ጭልጋ ያለ ዘመዳቸው ለልጁ እንደ ጠየቃቸውም አልሸሸጉኝም። እስከ ፋሲካ ዛቢያው ካልመጣ ሐረገወይን ወደ ጭልጋ ትሄዳለች፤ ነገሩ ይህ ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ በእጄ ነበርና እሱን ጀመርሁ።

መጀመሪያ አቋራጭ ፈልጌ ፒያሳ ወረድሁ። ጥልያን ትቶት በሄደው መደብር ውስጥ አንድ ነጋዴ የውጭ አገር መዶሻ ደርድሯል፤ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ፊትሽን የምታይበት ነው። አንዱን እንደ ታቦት አቅፌ መጣሁ። አያ ቢያዝን አላነሡትም፤ በሲባጎ አንጠልጥለህ በሚስማር ምታው አሉኝ። ስመታው እንደ ተነቃ ገንቦ ደፍ አለ። ከቀለሙ ሥር ፀጉር የማታህል ስንጥቅ ነበረችው። ሐረገወይን ቀይ ጫማ ያደረገች አንካሳ አገባህ ብላ እስከ ማታ ሳቀችብኝ። ነጋዴው መልሶ ወሰደው፣ ፊቱ ግን ለሳምንት ከብዶብኝ ነበር።

ከዚያ አንገረብ ወንዝ ዳር ከጥልያን ጊዜ ጀምሮ ተገልብጦ ወደሚኖረው መኪና ሄድሁ። ሰው ቆርቆሮውንም ጎማውንም ገፎ ጨርሶታል፤ ጎማዎቹ የሚዞሩበት ወፍራም ብረት ግን ማንም ሊሸከመው ስላልቻለ ቀርቷል። ቆርጬ ያመጣሁትን ቁራጭ እንደዚያኛው አንጠልጥዬ መታሁት። ድምፁ ወጣ፣ ዞረ፣ እየቀጠነ ሄደ፤ ከጆሮዬ ጠፋ ስል እንኳ ጣቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። አያ ቢያዝን በሞረድ ሞከሩት፤ ሞረዱ አልተንሸራተተም፣ እንደ ልቡም አልበላም፣ ነከስ አድርጎ ያዘው። ሸጋ ነው አሉ። እሳቸው ሸጋ ነው ካሉ ሌላው ሰው ዕልል ብሏል ማለት ነው።

ይህን ጆሮ የሰጠኝ ማን እንደ ሆነ ታውቂያለሽ እናቴ። ግዕዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉን ከአራራዩ ሳልለይ ስቀር በአለንጋ ያነቁኝ አባት ናቸው። ያ ጆሮ ዛሬ የተሰነጠቀውን ብረት ከደኅናው ይለያል። ድካማቸው ሜዳ ላይ እንዳልቀረ ንገሪልኝ ልልሽ ነበር፤ ለካ ራሳቸው እያነበቡት ነው።

ልኩን ስናወጣ ደግሞ እንዲህ ሆነ። መዶሻ የሰው ልብስ ነው ይላሉ አያ ቢያዝን፤ ለአንዱ የሚበቃው ሌላውን ይጥለዋል። ብረቱን በቀኝ እጅህ ወደ ፊት ዘርግተህ ያዝና አቡነ ዘበሰማያት በል አሉኝ። አሜን ሳትል ክንድህ ከተንቀጠቀጠ ከብዶሃል፣ ቁረጥለት። አቡነ ዘበሰማያቱን ጨርሰህ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን እስክትደግም ምንም ካልመሰለህ ቀሎሃል፣ ሌላ ፈልግ አሉ። እኔ ደግሞ የቄስ ልጅ ነኝና ጸሎቱን በዜማ ማስረዘም ጀመርሁ። ክንዴ ነፋስ እንደ ነካው ቅጠል ራደ። ሐረገወይን ከወናፉ ላይ ሆና፣ አባ፣ ይኸ ሰውዬ ቅዳሴ ገብቷል አለች። ሁለተኛ ጊዜ እንደ ማንኛውም ክርስቲያን ደግሜ ልኩን አገኘን።

ዓይኑን መብሳት ነው አስቸጋሪው፤ ዛቢያው የሚገባበትን ቀዳዳ ማለቴ ነው። ከላይም ከታችም ሰፋ፣ ከወገቡ ጠበብ ማለት አለበት። አለበለዚያ ዛቢያው ሲደርቅ ይላላና መዶሻው ወልቆ ሰው ይገድላል። ከአንድ ወገን መብሻውን መትቼ አጋማሽ ሳደርስ፣ ገልብጬ ከሌላው ወገን መጣሁበት፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች መሀል ላይ ሳይሳሳቱ ሲገናኙ ጮኽሁ። ፊቱን ደግሞ ጠፍጣፋ አላደረግሁትም፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ ትንሽ ነፋ አደረግሁት፣ ጠርዙንም ዙሪያውን አለዘብሁት። ጠርዙ ስል የሆነ መዶሻ በመታ ቁጥር ማረሻው ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ በዚያ ጠባሳ በኩል ነው በኋላ መሬት ውስጥ ማረሻው የሚሰበረው። ብቻዬን ያልሠራሁት አንድ ነገር ነው፤ ውሃ ማጠጣቱ። እሱን አያ ቢያዝን ቆመው አሳዩኝ። ግለቱ ልኩ ሲደርስ ፊቱን ብቻ ውሃ ውስጥ ነከርን፤ ወዲያው አወጣንና በአሸዋ ፈተግነው፤ ከውስጥ የቀረው ትኩሳት ወደ ፊቱ እየመጣ ብረቱ የስንዴ ገለባ ሲመስል ቶሎ ብለን እንደገና ነከርነው። ትንሽ ብንዘገይ ይለዝብ ነበር፣ ብንቸኩል ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይረግፋል። አያ ቢያዝን አገላብጠው አዩና እኔ በአንተ ዕድሜ እንዲህ ያለ አልሠራሁም አሉ። እናቴ፣ ይህን የምነግርሽ ልኩራ ብዬ ነው። ኮርቻለሁ።

መዶሻው አለቀ፣ ዛቢያ ግን የለም። ያን ጊዜ ነው በቀለም የተጻፈውን ደብዳቤ የላክሁልሽ። የአያ ቢያዝንን ቃል አንድ ሳላስቀር ጽፌ፣ የሚያስፈልገኝም ደረቅ ወይራ መሆኑን፣ ርዝመቱም ከመዳፍ እስከ ክርን እንደ ሆነ ገልጬ ነበር። ቀለም ፈሰሰበት የተባለው እሱ ነው። ዳኛው ባዶ እጁን ተመልሶ የሆነውን ሲነግረኝ ከፋኝ። ለማንም ሳልናገር ወጥቼ አንገረብ ወንዝ ዳር ተቀመጥሁ። አባቴ ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሰው እንዴት ዓይኑ ያየውን አላየሁም ይላል ብዬ ተቃጠልሁ። ጭልጋ ስንት ሰዓት መንገድ እንደ ሆነም ሳላስበው አሰላሁ።

ዳኛው ለእኔ ያዘነ መስሎት አንድ ምክር አመጣ። ከቅዳሜ ገበያ አንድ ደኅና ወይራ ገዝተህ ከአባቴ መጣ በል፤ እንጨት ስም የለው፣ አፍ የለው፣ ማን ያውቅብሃል አለኝ። ይህን ሐረገወይን ሰማች። በውሸት ዛቢያ የገባ መዶሻ የሚወልቀው የዋሸው ሰው ግንባር ላይ ነው አለች። አክላም፣ እስከ ሆሳዕና ከጠፋ እኔው ራሴ አምባ ጊዮርጊስ ወጥቼ ከመምሬ ደጅ ቁጭ እላለሁ፤ ወይ እንጨቱን ይሰጡኛል ወይ ይመርቁኛል፣ ቄስ ሁለቱንም አይከለክልም አለች። እውነቷን ነው፣ ታደርገው ነበር። እስካሁን ደጃችሁ አለመምጣቷን እንደ ዕድል ቁጠሩት።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ዳኛው ጡሩምባውን እየነፋ በራችን ላይ ቆመ። ከመቀመጫው ኋላ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ። ማን ላከው ብዬ ብጠይቀው፣ «ከእናቱ ነው በለው» ተብያለሁ፣ ከዚያ በላይ አትጠይቀኝ አለና ዓይኑን አሸሸ።

ስለዚህ አመሰግንሻለሁ እናቴ። ያልተነበበልሽን እንዴት እንደ ሰማሽው ግን አልመረምርም። የእናት ሆድ ጆሮ አለው ይባላል።

ጆንያውን ስፈታ ወይራ ነው። ገና እንዳየሁት አውቄዋለሁ። ከምድጃችን በላይ ከጣሪያው ማገር ላይ ተሰክቶ ለዓመታት ጢስ ሲጠጣ የኖረው ያ ቀጥ ያለ ወይራ ነው፤ ዲቁና የተቀበልሁ ጊዜ አባቴ ራሳቸው ቆርጠው፣ ቅርፊቱን ልጠው የሰቀሉት። መሪጌታ የተባልህ ቀን የምትቆምበት መቋሚያ ይሆንሃል ይሉኝ ነበር። በልጅነቴ ተኝቼ እሱን አሻቅቤ እያየሁ ነው የማድረው። ትቼ ከወጣሁ በኋላ አንዱ ማገዶ አድርጎታል ብዬ ነበር እንጂ ይኖራል አላልሁም። እስቲ አሁን ንባቡን አስቁሚና ቀና ብለሽ ማገሩን እይ። የለም አይደል?

በመጋዝ ነው የተቆረጠው። ጀምሮ የተወው ጭረት የለበትም፤ እያመነታ የቆረጠ ሰው እንጨቱ ላይ ያስታውቃል። ከእንግዲህ መቋሚያ አይሆንም፤ አጥሯል። እኔ እዚያው ከደጃፍ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ሐረገወይን ወናፉን ትታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

የቀረው አያ ቢያዝን ነበሩ። ከማን መጣ አሉኝ። ሐሰት አልናገርም፣ ከእናቴ ነው ተብሏል አልኋቸው። ፊታቸው ወዲያው ጠቆረ፤ እኔ ያልሁት ከአባት እጅ ነው፣ እናትማ ለልጇ ምን የማትሰጠው አላት አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ነበር። እንጨቱን ወስደው ከመዳፌ እስከ ክርኔ ለኩት፤ ረዘመ። በሐረገወይን ክንድ ለኩት፤ አብልጦ ረዘመ። አገላበጡት፣ ቁራጩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ይህ በሴት ክንድ አልተለካም፣ ያንተ አባት ረጅም ሰው ናቸው እንዴ አሉኝ። አምባ ጊዮርጊስ ውስጥ ቤተ መቅደስ ሲገቡ ራሳቸውን ዝቅ የሚያደርጉ እሳቸው ብቻ ናቸው አልኋቸው። ቁራጩን ደግመው ዳሰሱ። ኋላ፣ የተረፈውን እንዳትቆርጠው፣ እንዳለ አግባው ብለው እንጨቱን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

ዛቢያውን ክብ አላደረግሁትም፤ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፣ እጅ ሳያይ የመዶሻው ፊት ወዴት እንደ ዞረ እንዲያውቅ። በጠርሙስ ስባሪ የፋቀችው ሐረገወይን ናት፤ አንገቱን ቀጠን አደረገችው፣ ሲመታ እንዲተነፍስና ክንድ እንዳይነዝር። ጫፉን ሰንጥቄ በዓይኑ አስገባሁና ከላይ በደረቅ ሽብልቅ ወጠርሁት። በቅቤ ሊታሽ ይገባው ነበር፤ ጾም ነውና በኑግ ዘይት አሸሁት። መዶሻዬ ይጾማል በያቸው፤ ጎረቤቶቻችን የቀጥቃጭ ነገር ሲያሙ ይህንንም ይጨምሩበት።

አያ ቢያዝን አንሥተው ባዶውን መስፍ አንድ ጊዜ መቱት። ነጥሮ ወደ እጃቸው ተመለሰ። ሁለተኛ አልመቱም፤ ለእኔ አቀበሉኝና፣ ለሐረገወይን ደግሞ ነጠላሽን ማጠብ ጀምሪ አሏት። ለጭልጋው ሰው በማግስቱ መልስ ላኩ።

በዚህ መዶሻ መጀመሪያ የሠራሁት ማረሻ ነው፤ ለእናንተው በሬዎች። ከደብዳቤው ጋር ዳኛው ያደርስልሻል። ዝናቡ ሳይጥል ጦሙን ያደረውን መሬት በሱ ግለጡት፤ ከተሰበረ ስሜን ቀይሩት። ማረሻ ቃል አይናገርም፤ ስለዚህ እሱን መቀበል መሐላ ማፍረስ አይደለም።

ሠርጉ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ነው፣ በቁርባን። ዳኛው የመኪናውን የፊት ወንበር ላንቺ ይዞልሻል፤ መንገዱ እንዳያጉላላሽ ነጠላሽን ደርበሽ ተከናነቢ። ሐረገወይን ጉልበትሽን ስማ ትቀበልሻለች፤ ምላሷን ለዚያ ቀን እንድትሰበስብ አደራ ብያታለሁ፣ አላምናትም እንጂ። እሷም ሰላም ብላሻለች፤ አንባቢውንም አብራ ሰላም በልልኝ ብላኛለች። እሷ ምንም አልማለችም።

እናቴ፣ ጤናሽ ይብዛ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፣ የደጅሽን ጥላ የሚሻገር ክፉ አይኑር። የሠራሽኝ እጅ አይዛል፤ እንጨቱን የላከው እጅም አይዛል። ልጆቼን ታቅፈሽ የምታሳድጊበትን ቀን ያምጣልኝ፤ የዜማ ጆሮ ካላቸው መምህር አናጣላቸውም።

የመጨረሻዋን ቀስ ተብሎ ይነበብልሽ። ሁሉን አዘጋጅቼ አንዱን ነገር ትቼዋለሁ። መሐላው ላለመነጋገር ነው፤ ላለመባረክ የማለ የለም። ቄስ በሙሽራ ራስ ላይ እጁን ጭኖ ሲደግም ከሙሽራው ጋር ተነጋገረ አይባልም፤ ሙሽራውም አሜን ከማለት በቀር የሚመልሰው የለም። ጎንደር የአርባ አራት ታቦት አገር ናት፤ ለአንድ ሠርግ ቄስ አይጠፋባትም። እኔ ግን አንዱንም አልጠየቅሁም።

ልጃችሁ